ትንፋሽ ስጠው

ደባርቅ ላይ መኪና እጠግን በነበርኩበት ዘመን ለብዙ ሕመም የምናዝዘው አንድ መድኃኒት ነበረን። «ትንፋሽ ስጠው» እንለዋለን። ሊማሊሞን ሲወጣ ያቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ የተፋ፣ ነዳጅ እየተረገጠ ጉልበት ያነሰው መኪና ሲመጣልን ኮፈኑን ከፍተን የአየር ፊልትሮውን እናወልቅለታለን። አገሩ ከፍ ያለ ነው፤ ነፋሱ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ የገበያውን ዳገት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆም ይላል። ፊልትሮው ደግሞ አቧራ እንዳይገባ እያለ ያንኑ ስስ ነፋስ ያጣብበዋል። ስለዚህ አውልቀን ከመቀመጫው ሥር እንወረውረዋለን፤ መኪናው ይሄዳል፤ ሹፌሩ ይመርቀናል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከእኔ በፊት የነበሩ ሜካኒኮች ሲያደርጉት አይቼ ነው የያዝኩት።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ነበር። ጋራዥ ስል በቆርቆሮ የተከደነ፣ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። መኪና የሚንቀሳቀሰው በኮንቮይና በይለፍ ወረቀት ነው፤ ቤንዚን በራሽን ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጎንደር ሙያ ተምሬ የመጣሁ ነኝና ራሴን ትልቅ ነገር አድርጌ እቆጥር ነበር። ሹፌር ሲያርመኝ ደሜ ይፈላል። አንዱን «አንተ መሪህን ያዝ፣ ሞተሩን ለኔ ተወው» ብዬው ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነስቶኝ ቀረ።

የሚችሉኝ ሹፌር አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ብዬ እቀጥላለሁ። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ በዚያ መንገድ የነዱ፣ መሪ ሲይዙ የማያወሩ፣ መኪና ሲያቆሙ ወዲያው ሞተር የሚያጠፉ ሰው ነበሩ። ሞተር ማጥፋቱ የቤንዚን እጥረት ያመጣው ልማድ ነው። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ እንኳ ከቆሙ ቁልፉን ያዞሩታል።

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ዳባት ታስተምር ነበር። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰንብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሆዷ ሲገፋ እንደ አገሩ ወግ በወላጅ ቤት ልትወልድ ደባርቅ መጣች። እናት እንኳ የላትም። «ምን ይደረግ፣ አባቴ ያርሰኛል እንጂ» እያለች ትስቃለች። ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከዳሱ አፍ ላይ ቆማ እኔን ትለክፈኛለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «መሐንዲሱ» ነው የምትለኝ። «መሐንዲሱ፣ ዛሬስ የተነሳልህ መኪና አለ ወይስ ሁሉም እንደተኛ ነው?» ትለኛለች። ከሌላ ሰው ቢሆን የምጣላበትን ነገር ከእሷ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳልሰማው ስውል ይቀርብኛል።

ጋሼ የሚነዱት ነጭዋን መኪና ነበር። ዋልያ ሊቆጥሩ ተራራው ላይ የከረሙ ፈረንጆች ጦርነቱ ሲቀርብ ለመሥሪያ ቤታችን ትተዋት ሄዱ። መጀመሪያ የመጣች ቀን ኮፈኗን ከፍቼ ቤንዚንና ነፋስ የሚያደባልቀውን ካርቦራተሯን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ጭራሽ እንደሌላት እስኪገባኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በካርቦራተሩ ፈንታ፣ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ፣ ከጎኗ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚወጡባት የአሉሚኒየም ሳጥን አለች። ምን እንደምትሠራ አላወቅሁም። አላወቅሁም ማለት ግን ያመኝ ነበርና «የኤሌክትሪክ ነገር ነው» ብዬ አለፍኳት። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍም ነበር። ሹፌሮቹ ገጹን እየቀደዱ ትምባሆ ይጠቀልሉበታል ብዬ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። እኔም አላነበብኩትም።

በጥር ወር መጀመሪያ ጋሼ ነጭዋን ተራራው ላይ ወዳለው ቡይት ራስ ነድተው ሲመለሱ ፊታቸው ከብዷቸው ነበር።

«ዳገቱ ላይ እምቢ አለችኝ» አሉ። «እንደ ደከመ በቅሎ ቆም ቆም ትላለች።»

«ትንፋሽ አጥሯት ነው» አልኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮዋ እውነትም በአቧራ ተጠቅጥቆ ነበር። መለወጫ የለንም፤ መለወጫ የት ይመጣል? አውልቄ ጣልኩት።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይህችኛዋ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ፈረንጆቹ ያለ ፊልትሮ እንዳትነዳ ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ጋሼ፣ ነፋስ ነፋስ ነው» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጃቸው የምሳውን ሳህን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። «መሐንዲሱ ካለ አለ ነው አባዬ፤ ተወው» ብላ ሳቀች። ጋሼም ሳቁ። ነጭዋ በማግስቱ ዳገቱን በደንብ ወጣችና እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተኩራርቼ ዋልኩ።

ጥር እንዴት ያለ ወር መሰላችሁ፤ ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር የመንገዱ ዱቄት ተነስቶ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ነጭዋ በዚያ አቧራ ውስጥ አፏን ከፍታ ሦስት ሳምንት ሠራች።

የጥር ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጋሼ ወደ ጋራዡ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ የጤና ጣቢያው ሰው አይቷት «ልጁ ተጋድሟል፣ እኔ የምችለው አይደለም፣ ጎንደር ውሰዷት» ብሏል። የዕለቱ ኮንቮይ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ጋሼ በራሳቸው ሄደው የይለፍ ወረቀት አስፈርመዋል። የቀራቸው ቤንዚን ነው። የእኛ ራሽን አልቆ ነበርና ገበያው ጀርባ ካለች አንዲት ነጋዴ ቤት አንድ ጀሪካን ገዝተው መጡ። ክዳኑን ሲከፍቱ አብረን አሸተትነው። ላምባ ላምባ ይላል።

«ያደርሳል?» አሉኝ።

«ያደርሳል ጋሼ» አልኳቸው። ደግሞም ያደርስ ነበር፤ ያንን ዛሬ አውቃለሁ።

አብሬ እንድሄድ የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። «አንተ ካለህ ልቤ ያርፋል» አሉኝ። የኋላውን ወንበር አጥፈን ፍራሽ አነጠፍን። ልጃቸው ተኛች፤ ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አዋላጅ እናት ከራስጌዋ ተቀመጡ። እኔ ከፊት ከጋሼ ጎን። ከደባርቅ ስንወጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። ነጭዋ እንደ ወትሮዋ ትጓዝ ነበር። ከኬላው ወረቀታችንን አሳይተን አለፍን።

የዳባትን መንገድ ካጋመስን በኋላ ልጃቸው ከኋላ ጠራቻቸው። «አባዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው፤ ትንሽ አቁምልኝ።» ጋሼ ዳር ያዙና ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ቁልፉን አዞሩት፤ ሞተሩ ጠፋ። አዋላጇ ደግፈዋት አስመለሰች፤ «አፌን በነጠላዬ አብሱልኝ» አለች፤ መልሰን አስተኛናት። ጋሼ ቁልፉን ሲጠመዝዙ ሞተሩ ተነሳ። እጃቸውን ከቁልፉ ላይ ሲያነሱ ጠፋ።

እንደገና ሞከሩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ይነሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ይጠፋል። አሥር ጊዜ ያህል እንዲሁ ሆነ።

ከመኪናው ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ቤንዚኑ። ላምባ ተቀላቅሎበታል፤ ቆሻሻ አለው፤ መስመሩን ዘግቶታል። እንደዚህ ያለ ሕመም በላንድሮቨር ላይ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ። የቤንዚኑን መስመር ፈታሁ፤ በአፌ ነፋሁት፤ ንጹሕ ነው። መልሼ ገጠምኩ። ተነሳ፣ ጠፋ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረግሁ። ተነሳ፣ ጠፋ። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር ያለውን ቡሎን ፈትቼ ቤንዚኑን በጀሪካን ተቀብዬ በአዋላጇ ነጠላ አጥልዬ መለስኩት። በዚህ መሐል ያቺን የአሉሚኒየም ሳጥን ክርኔ ስንት ጊዜ እንደነካት አላውቅም። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ከክርኔ ሥር ነበረች።

ከመንገዱ ማዶ አውድማ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መቆማችንን አይተው መጡ። አምስት ይሆናሉ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ውስጥ አዩና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወደ ጋሼ ጠጋ ብለው፣ «ወንድም ዓለም፣ ቃሬዛ እናሰናዳና ዳባት ድረስ እንሸከማት፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይገኛል። እኛ በአቋራጩ ነው የምንወርድ፤ መኪናውን ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ።

ጋሼ እኔን አዩኝ።

«አሁን ይነሳል» አልኩ። «አሥር ደቂቃ ታገሱኝ፤ ቤንዚኑ እስኪጠራ ነው።»

«እውነት ይነሳል?»

«ይነሳል ጋሼ። በሰው ትከሻ ከምትንገላታ በመኪና ይሻላታል።»

ጋሼ አመኑኝ። ገበሬዎቹም «እንግዲህ ባለሙያው ካለ» ብለው መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ያ ቃል አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሼ ወደ ኋላ ሄደው በተከፈተው በር እግራቸውን አንጠልጥለው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ከመኪናው ሥር ሆኜ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ምጡ ሲመጣባት ትቃትታለች፤ ሲለቃት ታወራለች። «አባዬ፣ ያችን የሊማሊሞዋን ንገረኝ» አለቻቸው። ልጅ ሳለች ፍሬን እምቢ ብሏቸው መኪናውን ገደሉ ላይ እያሻሹ ያቆሙበት ታሪክ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጋሼ ሲነዱ ባያወሩም ያን ቀን አወሩ። የቱ ጋ ሲደርሱ እንደምትጠይቃቸው ታውቃለች፤ «ከዚያስ? ከዚያ በሬው መጣ?» ትላለች። አንዴ ስትስቅ ሰማኋት። አንዴ ደግሞ ኮፈኑ ጋ ቆሜ እጄን ስጠርግ በመስኮቱ በኩል ጠራችኝ።

«መሐንዲሱ፣ ዛሬ እንኳ ስምህን አታሰድብ» አለችኝ። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

«አላሰድብም» አልኳት።

አሥር ደቂቃው ሁለት ሰዓት ሆነ። በመሐሉ አንድም መኪና አላለፈም። እኔ በላብና በቤንዚን ተነክሬ፣ «አሁን፣ አሁን» እያልኩ፣ ሰው ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ተሳስቻለሁ ማለት የነበረብኝ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። አላልኩም። በመጨረሻ አዋላጇ ጮኹ፤ ደም በርትቷል። ሽማግሌው ገበሬ ማንንም ሳይጠይቁ ተነሱ። ሁለት ዘንግ በጋቢ ተወጥሮ ቃሬዛ ሲሆን ጊዜ አልወሰደም። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ።

በአቋራጩ ወረድን። እየተቀባበልን ግማሽ ሩጫ ነበር የምንሄደው። ጋሼ ከጎን እጇን ይዘው ነበር። ስንጀምር ትመልስላቸው ነበር፤ በኋላ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚናገሩት። የዳባት የቆርቆሮ ጣሪያ መታየት ሲጀምር አዋላጇ «አውርዷት» አሉ። ቃሬዛውን መሬት ላይ አሳረፍነው። ልጁም ከእሷ ጋር ቀረ።

እንዴት እንደተቀበረች አልጽፍም። ደባርቅ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ተማሪዎቿ ከዳባት በእግራቸው መጥተው ነበር። እኔ ከሰው ጀርባ ቆሜ እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ታጥቤ አለቀቀኝም።

በሳምንቱ የጦር ሠራዊት ኦራል ነጭዋን ጎትቶ ጋራዡ ደጅ ጥሏት ሄደ። ሰው ሁሉ ቤንዚኑ ነው ይል ነበር፤ እኔም ያንኑ ስል ነበር የሰነበትኩት። ግን ልቤ አላረፈም። ላምባ ያለበት ቤንዚን ሞተሩን ያስለዋል፣ ያጨሰዋል እንጂ ቁልፍ ሲለቀቅ ጠብቆ አያጠፋውም። መሳቢያዬን ከፍቼ መጽሐፉን አወጣሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ሥዕል ሥዕሉን ነው ያየሁት። መሐሉ ገደማ ያቺ የአሉሚኒየም ሳጥን ተሥላለች። ከአጠገቧ የሰው ጣት ተሥሏል። ጣቱ በሳጥኗ ውስጥ ያለችን አንዲት ትንሽ በር ሲገፋ ያሳያል።

በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ጽሑፉን ስጨርስ ቀትር አልፎ ነበር። ሳጥኗ የነፋስ መለኪያ ናት። ሞተሩ ነፋስ ሲስብ ያቺ በር ትከፈታለች፤ ምን ያህል እንደተከፈተች ሽቦዎቹ ይናገራሉ፤ በዚያ ልክ ቤንዚን ይረጫል። በሯ ካልተከፈተች መኪናዋ ሞተሩ ቆሟል ብላ የቤንዚኑን ፓምፕ ታጠፋለች። ቁልፉ ተጠምዝዞ ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ፓምፑ በሯን ሳይጠብቅ ይሠራል። ቁልፉ ሲለቀቅ በሯ ካልተከፈተች አለቀ። ይነሳል፣ ይጠፋል።

ሁለት ማሰሪያ ፈታሁ። በሳጥኗ አፍ ጣቴን አስገብቼ በሯን ገፋኋት፤ አልንቀሳቀስ አለች። ጠንከር ብዬ ስገፋት አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር እየተንፏቀቀች ተከፈተችና እዚያው ቀረች። ጣቴን ሳወጣው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። የመንገዱ አቧራ ከሞተሩ ዘይት እንፋሎት ጋር ተቦክቶ የበሯን ዙሪያ እንደ ምርጊት መርጎታል። ነጭዋ እየሄደች ሳለ ነፋሱ በሯን ከፍቶ ይዞላት ነበር። ጋሼ ሞተሩን ሲያጠፉ በሯ ተመልሳ ተዘጋች፤ ተዘግታም ተጣበቀች። ፊልትሮው ቢኖር ኖሮ ያ አቧራ እዚያ አይደርስም። ፊልትሮውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ እጄ በልማዱ ሥራውን ጀመረ። በቤንዚን በተነከረ ብሩሽ በሯን አጠብኳት፣ በጨርቅ አደረቅኋት፣ በጣቴ ስነካት ያለ ድምፅ ተከፍታ ያለ ድምፅ ተመለሰች። ገጥሜ ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳች። እጄን ከቁልፉ አነሳሁ፤ አልጠፋችም። በዚያው በላምባው ቤንዚን ነው እንግዲህ። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ።

ጋሼ የሞተሩን ድምፅ ከደጅ ሰምተው ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጢማቸው አድጓል። እየሠራ ያለውን ሞተር አዳመጡ።

«ምን ሆና ኖሯል?» አሉኝ።

የምላቸውን አውቅ ነበር። ፊታቸውን አየሁና ፈራሁ። ስማቸውን ጠርቼ እንኳ የማላውቃቸው፣ በዚያች አገር እኔን የሚችሉኝ አንድ ሰው ናቸው።

«ቤንዚኑ ነው ጋሼ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ነኛ የገዛሁት» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ሞተሩን አጠፉት፤ ቤንዚን እንዳይባክን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ፈቃድ ሊጠይቁ ቢሮ ሲገቡ አገኘኋቸው። ደረስጌ ማርያም በእግር ደርሰው ሊመለሱ ነው። «ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረም። «ርካሽ ቤንዚን ገዝቼ ልጄን ገደልኩ ብዬ። አባ የዓመት ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾም፣ ስግደት፣ ደረስጌን መሳለም።» እኔ ምን አልኩ? «ማርያም ትርዳዎት» አልኩ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል። አንድ ሽማግሌ የኔን ኃጢአት ተሸክመው የስሜንን ገደል ሲወርዱና ሲወጡ እኔ «ማርያም ትርዳዎት» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዓመቱን ሙሉ አየኋቸው። ሥጋቸው አለቀ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲገቡ በስግደት ብዛት ግንባራቸው ላይ ጥቁር ምልክት ወጥቶ ነበር። ነጭዋን ግን መንዳት አልተዉም። ለማንም ሳልነግር አዲስ ፊልትሮ በስንት ልመና ከጎንደር አስመጥቼ ገጠምኩላት። በየሳምንቱም ሳጥኗን እየፈታሁ በሯን በጣቴ እገፋታለሁ። ከዚያ ወዲያ ለአንድም መኪና ትንፋሽ ሰጥቼ አላውቅም። ሹፌሮች «ምን ነካው?» ይሉ ነበር፤ ፀባዬም ያለ ልክ ተበላሽቶ ነበርና ቀርቦ የጠየቀኝ የለም።

ልጃቸው በሞተች በሁለተኛው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ጋሼ አንድ አሮጌ የጎማ ቁራጭ ይዘው ወደ ዳሱ መጡ።

«በረባሶ ቁረጥልኝ» አሉ። «የበፊቱ በደረስጌ መንገድ አለቀ።»

«ቀኖናው አላለቀም እንዴ ጋሼ?»

«አልቋል። አባ ይበቃሃል፣ ተፈትተሃል አሉኝ። ለእኔ ግን አልበቃኝም። በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ እስክሞት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጎማውን መሬት ላይ ዘርግቼ ቀኝ እግራቸውን አስረገጥኳቸውና በጠመኔ ዙሪያውን አሠመርኩ። ተረከዛቸው ተሰንጥቋል፤ የአውራ ጣታቸው ጥፍር የለም። ቆርጬ፣ ማሰሪያውን በምስማር መትቼ አንዱን ጨረስኩ። ግራ እግራቸውን ለመለካት ስንበረከክ ጠመኔውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ አልነበረም» አልኩ።

ተነስቼ የነጭዋን ኮፈን ከፈትኩ፤ ሳጥኗን ፈትቼ አመጣሁላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊልትሮውን፣ አቧራውን፣ በሯን፣ በዚያ ቀን በዚሁ ቦታ የዋሸኋቸውን። ሳልቆም ተናገርኩ፤ ከቆምኩ መቀጠል እንደማልችል አውቅ ነበር። ጋሼ ሳጥኗን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ጣታቸውን አስገብተው በሯን ገፉ፤ ተከፈተች። ለቀቋት፤ ተዘጋች። ደግመው ገፉ።

«ይህች ናት?»

«እሷ ናት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝ እፈልግ ነበር። እሳቸው ግን ሹፌር ናቸውና እንደ ሹፌር ጠየቁኝ።

«ያን ቀን መንገድ ላይ ብታውቃት ኖሮ፣ ለመጥረግ ምን ያህል ይፈጅብህ ነበር?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «ሩብ ሰዓት» አልኩ።

«ሩብ ሰዓት» አሉ። ቀና ብለው ደጁን አዩ። «እሷ እኮ መኪናው ከቆመ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አናግራኛለች።»

ጋሼ ሳጥኗን መለሱልኝ፤ ግራ እግራቸውንም ወደ ጎማው ዘረጉ።

«ሁለተኛውን ጨርስልኝ» አሉ። «መንገዱ ሩቅ ነው።»

ተንበርክኬ ጨረስኩላቸው።